የአንድ ቅርስ ዲጂታል መንትያ አሠራር፦ በስልክ፣ በሜትርና በደብተር

ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር፣ ከመንዝ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ዲጂታል ትዊን የሚሉትን ነገር ለእኛ ደብር መሥራት ይቻላል ወይ? ትልቅ መሣሪያ አይፈልግም?» ጠያቂዎቹ አስጎብኚዎች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላትና የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ሠራተኞች ናቸው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ ሁሉንም እዚህ ጻፍኩት። መልሴ አዎ ነው። ደህና ካሜራ ባለው ስልክ ይጀመራል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ዲጂታል ትዊን ወይም ዲጂታል መንትያ ማለት ቅርሱን በኮምፒውተር ላይ የሚወክል ግልባጭ ነው። ስሪዲ የሚባለው ባለ ሦስት አውታር ሞዴል ብቻውን መንትያ አይደለም። የአንድ ቀን መልክ የያዘ ፎቶ ነው። መንትያ የሚሆነው ቅርሱ ሲለወጥ እሱም አብሮ ሲለወጥ ነው። ግድግዳው ሆድ ሲያወጣ፣ ስንጥቁ ሲሰፋ፣ እርጥበቱ ሲጨምር፣ ጎብኚው ሲበዛ መንትያው ላይ መታየት አለበት። ስለዚህ ዋናው ሥራ ፎቶ ማንሳቱ አይደለም። ተመልሶ ሄዶ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መንገድ እንደገና መለካቱ ነው።

ምሳሌዬ ከጎን እስከ ጎን ስፋቱ 12 ሜትር የሆነ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ደግሞ በሸራ ላይ ተስሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ያለው። የእናንተ ቅርስ አሮጌ መስጊድ፣ የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ወይም የመንዝ የድንጋይ ቤት ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጥሩ ካሜራና ቢያንስ 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ስልክ
- ፓወር ባንክ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አንኮበርም ደጋ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባትሪ ቶሎ ይወድቃል
- የብረት ሜትር፣ 5 ሜትር የሚሆን
- ሦስት ቀጥ ያሉ እንጨቶች፣ እያንዳንዳቸው ከ1 ሜትር ትንሽ የሚረዝሙ
- ስንጥቅ ለመለካት ካሊፐር (ከሚሊ ሜትር ያነሰ ልዩነት የሚለካ መሣሪያ)
- የስልክ ማቆሚያ ትራይፖድ፣ ለከፍታ ደግሞ ቀላል አጣና
- ሙቀትና እርጥበት የሚመዘግቡ አራት ትንንሽ ሴንሰሮች፦ ሦስት ለውስጥ፣ አንድ ለውጭ
- 16 ጊጋባይት ራምና ኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር። ለሁለት ቀን ከሰው ብትዋሱትም ይበቃል
- ሁለት ሃርድ ዲስክ
- ደረቅ ሽፋን ያለው ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በእርጥበት ይለቃል

ደረጃ 1፦ ፈቃድ ያዙ፣ ባለቤትነቱንም በጽሑፍ ወስኑ

ለደብሩ አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው ቀርባችሁ አስረዱ። ለመስጊድ ከሆነ ለመስጊዱ ኮሚቴ። ከዚያ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይስጣችሁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥናትም ጥገናም ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል።

በስምምነቱ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ። ፎቶውና ሞዴሉ የማን ነው? ማን ያየዋል? የት ይቀመጣል? እኔ ሁልጊዜ ባለቤቱ ደብሩ ይሁን እላለሁ። ይህ ካልተጻፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ሠሪው ሥራ ሲቀይር ፋይሉም አብሮት ይሄዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ወደ መቅደስ አይገባም፣ አይነሳም። ሞዴሉ መሐል ላይ ባዶ ቢሆን ምንም አይደለም። ትክክለኛው ሞዴል እሱ ነው። ድሮን ደግሞ የጸጥታና የአቪዬሽን ፈቃድ ሳይኖር እንዳታስነሱ።

ደረጃ 2፦ መንትያው የሚመልሰውን ጥያቄ ለዩ

አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ብቻ ያዙ። «የሰሜኑ ግድግዳ እየተንቀሳቀሰ ነው ወይስ ቆሟል?» «በአንድ ጊዜ ስንት ጎብኚ ብናስገባ ሥዕሉ አይጎዳም?» ጥያቄው ምን ያህል በጥንቃቄ መለካት እንዳለባችሁ ይወስናል። ያለ ጥያቄ የጀመረ ሰው ሁሉን ፎቶ አንስቶ ምኑንም ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ደረጃ 3፦ ቦታውን ከፋፍላችሁ ኮድ ስጡ

በወረቀት ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ክብ ሣሉ። ቅኔ ማሕሌቱን «ቅ»፣ ቅድስቱን «ድ»፣ የውጭ ግድግዳውን «ው» በሉ። እያንዳንዱን በአራቱ አቅጣጫ ክፈሉ። «ው-ሰሜን-2» ሲባል ሁላችሁም አንድ ቦታ ማሰብ አለባችሁ። ፎቶው፣ ስንጥቁ፣ ሴንሰሩና የጎብኚው ቁጥር የሚገናኙት በዚህ ኮድ ነው። ኮዱ ከሌለ ሞዴሉ ሌላ፣ ሠንጠረዡ ሌላ ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ የመለኪያ እንጨቶችን አዘጋጁ

ስልኩ የግድግዳውን ቅርጽ እንጂ መጠኑን አያውቅም። መጠኑን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። በእያንዳንዱ እንጨት ላይ ሁለት ጥቁርና ነጭ ምልክት ለጥፉ። ከምልክት መሐል እስከ ምልክት መሐል ልክ 1 ሜትር ይሁን። በብረት ሜትር ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ጻፉት።

እንጨቶቹን በተለያየ ቦታ ግድግዳውን ሳይነኩ አቁሟቸው። ሁለቱ ለሞዴሉ መጠን መስጫ ይሆናሉ። ሦስተኛውን አትጠቀሙበት። እሱ ፈታኝ ነው። ሞዴሉ ካለቀ በኋላ ሦስተኛውን እንጨት በሞዴሉ ላይ ለኩ። 1 ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ካለ፣ ስህተታችሁ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ጻፉት። ደረጃ 11 ላይ እንመለስበታለን።

በስልኩ ጂፒኤስ አትመኩ። የጂፒኤሱ ስህተት በሜትር የሚቆጠር ነው። ቅርሱ የት እንደሆነ ካርታ ላይ ለማስቀመጥ ይበቃል፣ ግድግዳ ለመለካት አይሆንም።

ደረጃ 5፦ ውጩን አንሱ

ሰዓት ምረጡ። ከፍ ያለ ደመና ያለበት ቀን ጥሩ ነው፤ ብርሃኑ እኩል ይሆናል፣ ጥላ አይኖርም። ከቆላው የሚወጣው የአንኮበር ጉም ግን ሌላ ነው። የድንጋዩን ጠርዝ ያደበዝዘዋል። እስኪገለጥ ጠብቁ።

የመጀመሪያ ሥራዬን የሠራሁት በጠራራ ፀሐይ ነበር። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ጥላው በዚያ መሐል ዞረ። ኮምፒውተሩ ጥላውን የግድግዳው አካል አድርጎ ቆጠረውና ከአንድ ግድግዳ ሁለት ግድግዳ ሠራ። ሙሉ ቀን ባከነ። ፀሐይ ካለ ጎን ለጎን ከፍላችሁ፣ ጥላ ውስጥ ያለውን ብቻ አንሱ።

የስልኩ አቀማመጥ እንዲህ ይሁን፦

- ዋናውን ሌንስ ብቻ ተጠቀሙ። ዙም የለም፣ ሰፊ ማዕዘን የለም፣ ማስዋቢያ የለም
- ፍላሽ ይጥፋ
- ትኩረቱንና ብርሃኑን ቆልፉ። ግድግዳውን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ ብዙ ስልኮች ይቆልፋሉ
- ስልኩን በአግድም ያዙ

ከግድግዳው 3 ሜትር ራቁ። በዚህ ርቀት ስልኩ 4 ሜትር ገደማ ስፋት ያያል። አንድ እርምጃ፣ ማለትም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ተራመዱ፤ ቁሙ፤ አንሱ። ተከታታይ ፎቶዎች ከአምስቱ አራት እጅ መደራረብ አለባቸው። ፎቶዎቹን ወደ ሞዴል የሚቀይረው ሶፍትዌር ርቀት የሚያሰላው አንዱን ድንጋይ ከብዙ ቦታ ሲያየው ስለሆነ ነው።

ቁጥሩን እናስላ። ሕንፃው 12 ሜትር ስፋት ካለው እናንተ የምትዞሩት ክብ 18 ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ዙሪያው 56 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በ60 ሳንቲ ሜትር ሲካፈል 94 ፎቶ። ሦስት ዙር አድርጉ፦ በጉልበት ከፍታ፣ በዓይን ከፍታ፣ ከራስ በላይ። 280 ፎቶ ገደማ ይሆናል። አይብዛባችሁ፣ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

ለሦስተኛው ዙር ስልኩን አጣናው ጫፍ ላይ እሰሩና በየሁለት ሰከንዱ በራሱ እንዲያነሳ አድርጉ። በደንብ እሰሩት። አንድ ሰው ከሥር ሆኖ አጣናው ከክዳኑ ጋር እንዳይነካካ ይመልከት።

ዙሩን ስትጨርሱ የመጀመሪያዎቹን አምስት ፎቶዎች ድገሙ። ክቡ ካልተዘጋ ሞዴሉ ጫፍና ጫፉ ሳይገጥም ይቀራል።

ደረጃ 6፦ ውስጡን አንሱ

ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት፣ ካህን ወይም ዲያቆን አብሯችሁ ሆኖ፣ ጫማ አውልቃችሁ። ውስጡ ጨለማ ነው። ስልኩን በእጅ ከያዛችሁት ይደበዝዛል። ትራይፖድ ላይ አስቀምጡት፤ የ2 ሰከንድ መዘግየት ስጡት። በሮችንና መስኮቶችን ማስከፈት ከመብራት ሁሉ ይሻላል።

ፍላሽ የሚከለከልበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ የቤቱ ሥርዓት ነው። ሁለተኛ ፍላሹ ከእናንተ ጋር ስለሚንቀሳቀስ በየፎቶው ጥላው ይቀየራል፤ ሶፍትዌሩ ይምታታል። ለብራናና በብርሃን በቀላሉ ለሚደበዝዝ ሥዕል በሙዚየሞች የተለመደው የብርሃን መጠን 50 ሉክስ ነው። ከዚያ የበለጠ መብራት ለሰዓታት አታብሩባቸው።

ሥዕሉን ፊት ለፊት ብቻ አታንሱ። ከግራም ከቀኝም ዘወር ብላችሁ አንሱ። ሸራው ከግድግዳው የተላቀቀበት ቦታ የሚታየው ከጎን ነው።

ደረጃ 7፦ ሞዴሉን ሥሩ

ከቦታው ሳትነሱ ፎቶዎቹን እያሳደጋችሁ እዩ። የደበዘዘውን ድገሙ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለአሥር ፎቶ ተመልሶ መምጣት አድካሚ ነው።

ሶፍትዌር ላይ ምርጫ አላችሁ። ሜሽሩም በነፃ ይገኛል፤ ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል። ሪያሊቲስካን ይፈጥናል፤ ለአነስተኛ ተጠቃሚ ነፃ ነው። ፎቶ ወደ ኩባንያ ሰርቨር የሚጭኑ የስልክ መተግበሪያዎችም አሉ። ለውጭ ግድግዳ ሙከራ ይሆናሉ። የውስጡን ፎቶ ግን ደብሩ ሳይፈቅድ ወደዚያ አትጫኑ።

መጀመሪያ በዝቅተኛ ጥራት አሠሩት። ቅርጹ ከተስተካከለ በከፍተኛ ጥራት ለሌሊት ተዉት። መብራት ቢጠፋ ከመሐል የሚቀጥል ይሁን። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን።

ደረጃ 8፦ ሴንሰሮቹን ፈትናችሁ አስቀምጡ

የተዘጋጀ ዳታ ሎገር (ንባቡን በራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ) ግዙ፤ ወይም ኢኤስፒ32 በሚባለው ትንሽ ሰሌዳና በኤስኤችቲ31 ሴንሰር ሥሩ። ይህን ሥራ የሚያውቅ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቢኖር በአንድ ከሰዓት ይገጣጥምላችኋል።

ከመስቀላችሁ በፊት በጨው ፈትኑ። የጠርሙስ ክዳን ላይ የወጥ ጨው አድርጉ፤ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩበት፤ እርጥብ ይሁን እንጂ አይሟሟ። ከሴንሰሩ ጋር በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት 75 ከመቶ ማንበብ አለበት። 79 ካለ ያ ሴንሰር 4 ያበዛል ማለት ነው። ልዩነቱን ጻፉና በኋላ ቀንሱ። አራቱም ካልተፈተኑ የክፍሎቹን ሳይሆን የሴንሰሮቹን ልዩነት ነው የምታነቡት።

አንዱን ከሥዕሉ አጠገብ፣ አንዱን ወለል አካባቢ፣ አንዱን ከጣሪያ ሥር፣ አንዱን ውጭ ጥላ ውስጥ። ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም፣ ማጣበቂያ አይለጠፍም። በማቆሚያ ወይም በቆየ ሚስማር ላይ በክር ይንጠልጠሉ። ከጧፍና ከጽና ይራቁ። በየ30 ደቂቃው ይመዝግቡ፤ በቀን 48 ንባብ ይሆናል።

ንባቡን እንዲህ ተረዱት። ሰው ሲበዛ ከፍ ብሎ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚመለስ እርጥበት ከትንፋሽ የመጣ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ወጥቶ ለቀናት የማይወርድ ከሆነ ጣሪያው ያፈሳል ወይም ውሃ ከመሠረቱ ይገባል። ወለል አካባቢ ያለው ብቻ ከፍ ካለ ጣሪያውን ትታችሁ የውሃ መውረጃውን ቦይ እዩ። እርጥበቱ ከ70–75 ከመቶ በላይ ለቀናት ከቆየ ሻጋታ የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። ያኔ ሸራውን በዓይን ፈትሹ።

ደረጃ 9፦ ስንጥቁን በእጅ ለኩ

ከላይ በገለጽኩት ርቀት በ12 ሜጋፒክስል ፎቶ ላይ አንዷ ነጥብ ግድግዳው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ትይዛለች። ስለዚህ በዓመት በ0.3 ሚሊ ሜትር የሚሰፋን ስንጥቅ ሞዴሉ አያሳያችሁም። በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

በስንጥቁ ግራና ቀኝ በተፈጥሮ ያሉ ሁለት የድንጋይ ጠርዞች ምረጡ። በቅርብ ፎቶ አንስታችሁ ነጥቦቹን ፎቶው ላይ ምልክት አድርጉ። ርቀቱን በካሊፐር ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መሐለኛውን ጻፉ። በየወሩ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ጠዋትና ከሰዓት ድንጋዩ በሙቀት ስለሚለያይ ሰዓቱ መቀያየር የለበትም።

ደረጃ 10፦ ጎብኚ ቁጠሩ፣ ከፍተኛውን ቁጥርም አስሉ

ዘበኛው ወይም ቲኬት ቆራጩ በደብተር ይመዝግብ። የገቡበት ሰዓት፣ ብዛት፣ የወጡበት ሰዓት። ስም አያስፈልግም፣ አትጻፉ።

የምታስገቡትን ቁጥር በዚህ አስሉ። ቅኔ ማሕሌቱ ላይ ሰው የሚቆምበት ቦታ 40 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ለአንድ ሰው 2 ካሬ ሜትር ስጡ። በአንድ ጊዜ 20 ሰው። ጉብኝቱ ግማሽ ሰዓት ከሆነና በቀን 4 ሰዓት ክፍት ከሆነ 8 ዙር ይኖራል። 160 ሰው። ይህ ከፍተኛው ጣሪያ እንጂ ግብ አይደለም። ከሴንሰሩ ጋር አስተያዩት። 20 ሰው ከወጣ በኋላ የሚቀጥለው ቡድን እስኪገባ እርጥበቱ ካልተመለሰ ወደ 10 አውርዱት፤ ወይም በቡድኖች መሐል ዕረፍት ጨምሩ። ለአስጎብኚ «አይቻልም» ከማለት ሰንጠረዡን ማሳየት ይቀላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሴንሰሩና ስልኩ የሚመዘግቡት በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው። የዘበኛው ደብተር ደግሞ በእኛ። ደብተሩ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት የተባለው ሴንሰሩ ላይ 9 ነው። ሳታስተካክሉ ካጋጠማችሁት ሰው ከገባ ከስድስት ሰዓት በኋላ እርጥበት የጨመረ ይመስላል። ከመጀመሪያው ቀን ሁለት ዓምድ አድርጉ፤ አንዱ በኢትዮጵያ፣ አንዱ በፈረንጅ።

ደረጃ 11፦ ተመልሳችሁ ለኩ፣ አስተያዩ

በዓመት ሁለት ጊዜ። አንዱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ሌላው ከክረምት በኋላ ጥቅምት ላይ። በድንጋይና ጭቃ ግድግዳ ላይ የክረምቱ ውሃ ጭቃውን ያለሰልሰዋል፣ ለውጡም ያኔ ነው የሚታየው።

ሁለቱን ሞዴሎች ክላውድኮምፔር በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር አንድ ላይ ክፈቱ። መጀመሪያ አገጣጥሟቸው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የምታገጣጥሙት በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው፤ ከመሬት በወጣ አለት፣ በደረጃ ድንጋይ፣ በግቢው በር ምሰሶ። እኔ አንድ ጊዜ ያገጣጠምኩት በራሱ በተጠረጠረው ግድግዳ ላይ ነበር። ሶፍትዌሩ ግድግዳውን ከግድግዳው ጋር አገጠመውና «ለውጥ የለም» አለኝ። በዓይን ግን ሆድ ማውጣቱ ይታይ ነበር። ስለዚህ ደረጃ 5 ላይ በዙሪያው ያለውን አለትና ደረጃም አብራችሁ አንሱ።

ከዚያ ልዩነቱን በቀለም አሳዩ። የደረጃ 4ን ቁጥር አስታውሱ። ስህተታችሁ 4 ሚሊ ሜትር ከነበረ ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ያለውን ልዩነት ለውጥ ነው ብላችሁ ለማንም አትናገሩ። ከዚያ በላይ ከሆነና በተከታዩ ዙርም ከደገመ ለባለሙያ ደብዳቤ ጻፉ። ልዩነቱን በቀለም ያሳያችሁበትን ምስል፣ ቁጥሩንና ቀኑን አያይዙ።

ደረጃ 12፦ አስቀምጡ፣ የሚታየውንም ለዩ

ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ። አንዱ በደብሩ ዕቃ ቤት ያለ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ በኢንተርኔት ላይ በይለፍ ቃል። ዋናዎቹን ፎቶዎች አትሰርዙ። ከአሥር ዓመት በኋላ የተሻለ ሶፍትዌር ሲመጣ ከእነሱ የተሻለ ሞዴል ይወጣል።

ለሕዝብ የሚለቀቀው ሌላ ቅጂ ይሁን። ከእሱ ላይ ዕቃ ቤቱን፣ የበሮቹን ቁልፍ፣ የንዋያተ ቅድሳቱን ቦታ ቁረጡ። ሌባ ለማጥናት እንዲመች አድርጋችሁ ቅርስ እንዳታጋልጡ።

በየጊዜው የማያቸው ስህተቶች

- ቪዲዮ ቀርጾ ከቪዲዮው ፎቶ ማውጣት። ቪዲዮው ይደበዝዛል፣ ጥራቱም ይወርዳል።
- ፎቶዎችን በቴሌግራም እንደ ፎቶ መላላክ። ይጨመቃሉ፣ ሶፍትዌሩ የሚፈልገው የካሜራ መረጃም ይጠፋል። እንደ ፋይል ላኩ ወይም በገመድ ገልብጡ።
- ሣርና ቁጥቋጦ ባለበት ሳያጸዱ ማንሳት። በተለይ ኖራ እንደምትባለው የጥንት ከተማ ባሉ የይፋት የድንጋይ ፍርስራሾች ቅጠሉ በነፋስ ስለሚንቀሳቀስ ሞዴሉን ያበላሸዋል። በበጋ፣ ሣሩ ደርቆ ሲወድቅ አንሱ። ራሳችሁ ነቅላችሁ እንዳታጸዱ፤ ሥሩ ድንጋይ ይዞ ሊወጣ ይችላል።
- የሚያንጸባርቅ ቆርቆሮ ክዳን ተበላሸብኝ ብሎ ሁሉን መተው። ክዳኑ ባይወጣም ግድግዳው ይበቃል።

እንደ መንዝ ጓሳ ላለ ሰፊ ቦታስ የሚሉኝም አሉ። እዚያ የስሪዲ ሞዴል አትጀምሩ። ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ የእግር መንገዶቹን ሥሩ። በየመንገዱ አሥር ቋሚ ቦታ ምረጡና የመንገዱን ስፋትና ጥልቀት በየጥቅምቱ ለኩ፤ የጎብኚውን ቁጥርም በየመንገዱ ያዙ። መንገዱ ከሰፋ ወይም ከተቦረቦረ ጓሳው እስኪያገግም ጎብኚውን ወደ ሌላው መንገድ አዙሩ።

ደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ የስልኩን ዓይነት፣ የቆማችሁበትን ርቀት፣ የሴንሰሮቹን ቦታና የጨው ፈተናውን ውጤት ጻፉ። ጥቅምት ላይ የሚለካው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያን ገጽ አንብቦ እናንተ በቆማችሁበት መቆም አለበት።